ቻይልድ ኦክፎርድና ሁለቱ የኮረብታ ምሽጎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለንደን ያለሁበት ድረስ ዘመድ ወይም ጓደኛ ሲመጣና “ከከተማ ወጣ እንበል” ሲለኝ የምወስደው አንድ ቦታ ነው። ደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ ዶርሴት ውስጥ፣ ቻይልድ ኦክፎርድ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። ከመንደሯ ጀርባ ሃምብልደን ሂል፣ ከእሱ ቀጥሎ ደግሞ ሆድ ሂል የሚባሉ ሁለት ጥንታዊ የኮረብታ ምሽጎች አሉ። ባቡር ላይም፣ ዳገቱ ላይም፣ ስንመለስም የምጠየቀው ያው ስለሆነ ልጻፈውና ልገላገል ብዬ ነው። ዘመኑ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ሆድ? እንደኛው ሆድ?

አዎ፣ አነጋገሩ ቁርጥ እሱ ነው። ትርጉሙ ግን አይገናኝም። ስቃችሁ ስትጨርሱ እንቀጥል።

ግንቡ የታለ?

ይሄ የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። ሁልጊዜ። ሰው ምሽግ ሲባል የጎንደሩን ፋሲል ግንብ ያስባል። ላቡን እያንጠፈጠፈ ይወጣል። ጫፍ ላይ ሲደርስ ሣር፣ በግና ንፋስ ብቻ ያገኛል። “ለዚህ ነው እንዴ ያለፋኸኝ?” ያለችኝ አክስቴ ብቻ አይደለችም።

ግንብ የለም። ምሽጉ አፈሩ ነው። ኮረብታው በጠመኔ ድንጋይ የተሠራ ነው። የጥንቶቹ ሰዎች ዙሪያውን ጥልቅ ቦይ ቆፈሩ። ያወጡትን ጠመኔ ወደ ላይ ከመሩት። ከዚያ ሌላ ቦይ፣ ሌላ ክምር። ከቦዩ ወለል ቀና ብሎ ለሚያይ ጠላት ክምሩ እንደ ግድግዳ ፊቱ ላይ ይቆማል። ዛሬ ሁሉም ሣር ስለለበሰ አረንጓዴ ማዕበል ነው የሚመስለው። አዲስ በተቆፈረ ጊዜ ግን ነጭ ነበር። ሸለቆው ውስጥ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ቀና ሲል ኮረብታው ጫፍ ላይ ነጭ ቀለበት ይታየው ነበር ማለት ነው።

አንድ ዘዴ ልንገራችሁ። እኩለ ቀን ላይ አትሂዱ። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ሁሉም ጠፍጣፋ ይመስላል። ጠዋት ወይም ወደ ማታ፣ ፀሐይ ዝቅ ስትል ቦዮቹ ጥላ ይይዛሉ። ያን ጊዜ ኮረብታው በሙሉ ይነበባል። ክምሮቹ፣ በሮቹ፣ ቤቶች የቆሙባቸው ክብ መደቦች ሳይቀሩ ይወጣሉ። ሃምብልደን ላይ እንዲህ ያሉ የቤት መደቦች ከ300 በላይ ናቸው። አንዱ መሃል ቁሙ። የሰው ጓዳ ውስጥ ናችሁ።

ታዲያ ከእኛ አምባ በምን ይለያል?

አምባ ላይ ሥራውን የሠራው ተፈጥሮ ነው። ገደሉ ራሱ ምሽግ ነው፣ የሰው ድርሻ መውጫዋን መጠበቅ ነው። እዚህ ገደል የለም። ሃምብልደን ከባሕር ወለል 192 ሜትር፣ ሆድ ሂል 143 ሜትር ነው። አዲስ አበባ የኖረ ሰው እንኳን ተራራ፣ ጉብታ ለማለትም ያመነታል። ገደል ስላልነበራቸው ገደል ሠሩ። በምን? በአጋዘን ቀንድ፣ በእንጨት፣ በቅርጫት፣ ኋላ ላይ ደግሞ በብረት።

ለምን ሠሩት? ጦርነት ብቻ ነበር?

ጦርነት አንዱ ምክንያት ነው። ግን ብቻውን አይመስልም። በብሪታንያና በአየርላንድ የተመዘገቡት የኮረብታ ምሽጎች 4,147 ናቸው። ይህ ሁሉ ለውጊያ ብቻ ነው ቢባል ማን ያርሳል? ብዙዎቹ የሚኖርባቸው፣ እህል የሚከማችባቸው፣ ምናልባትም ገበያ የሚቆምባቸው ነበሩ። ትልቅ ካብ ደግሞ “እኛ ይህን ያህል ሰው አለን” ማለትም ነው።

የእህሉን ነገር እወደዋለሁ። በዚያ ዘመን ደቡብ እንግሊዝ ውስጥ እህል የሚቀመጠው ጠመኔው ውስጥ በተቆፈረ ጉድጓድ ነበር። አፉን በጭቃ ይደፍኑታል። ከዳር ያለው እህል ትንሽ ይበቅልና ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል። ከዚያ የቀረው እህል እንዳለ ይቀመጣል፣ ነቀዝም አይኖርበትም። የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ይሄ እውነት ይሠራ እንደሆነ ለማየት ራሳቸው ቆፍረው ሞክረውታል። ሠርቷል። በእህል ጉድጓድ ያደገ የገጠር ሰው ግን ሙከራውን ባያዩትም ይነግራቸው ነበር።

ሃምብልደን ስንት ዓመቱ ነው?

የትኛውን ጠየቃችሁ? ሁለት ነው። የሚታየው ትልቁ ምሽግ የብረት ዘመን ሥራ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጨረሻው ሺህ ዓመት፣ በየጊዜው እየተስፋፋ የተሠራ ነው። እዚያው ኮረብታ ላይ ግን ከእሱ በሦስት ሺህ ዓመት የሚበልጥ ሌላ አለ። በድንጋይ ዘመን፣ ከዛሬ 5,600 ዓመት ገደማ በፊት፣ ሰዎች ቆረጥ ቆረጥ ያሉ ቦዮች በክብ ቆፍረውበታል። የብረት ዘመኖቹ ሰዎች ሲመጡ እሱ ራሱ ጥንታዊ ሆኖ ነው የጠበቃቸው።

አርኪዮሎጂስቱ ሮጀር መርሰር ከ1974 እስከ 1986 ባለው ጊዜ ቆፍሮታል። ከቦዮቹ ወለል ላይ የሰው ራስ ቅሎች ተገኙ። ተጥለው ሳይሆን ታስበው የተቀመጡ ይመስላሉ። ብዙዎች ቦታው የመኖሪያ ሳይሆን የሙታን ነበር የሚሉት ለዚህ ነው። ሬሳ ሜዳ ላይ ይቆያል፣ ሥጋው ካለቀ በኋላ አጥንቱ ይሰበሰባል።

ከሁሉም የማይረሳኝ ግን አንድ ወጣት ነው። አጽሙ ቦይ ውስጥ ተገኘ። ደረቱ ውስጥ ቅጠል የመሰለች የባልጩት ፍላጻ ነበረች። ሰው ወግቶታል። በላዩ ላይ አፈሩ ተናደ፣ ዘመኑም አለፈ። ስሙን፣ ጠቡን፣ የወጋውን ሰው የሚነግረን የለም። ፍላጻዋ ግን እዚያው ነበረች። ልጆች ይዤ ስሄድ ይህን አልናገርም እላለሁ፣ ከዚያ እነሱ ራሳቸው ደጋግመው የሚያስነግሩኝ እሱን ነው።

ሌላው የሚገርመው የወይን ፍሬ ነው። ከዚያው የድንጋይ ዘመን ቦይ የወይን ዘር ተገኝቷል። ዝናባማዋ እንግሊዝ፣ ከአምስት ሺህ ዓመት በፊት፣ ወይን!

ሆድ ሂል ላይ ሮማውያን ምን አደረጉ?

ይሄ ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል። ሃምብልደን ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ገደማ ሰው ለቅቆታል። ነዋሪው ወደ ጎረቤቱ ሆድ ሂል ሳይወርድ አይቀርም የሚል ግምት አለ። ሆድ ሂል ወደ 22 ሄክታር ይሰፋል፣ በዶርሴት ካሉት የኮረብታ ምሽጎች ትልቁ ነው። ውስጡ በክብ ጎጆዎች የተሞላ ከተማ ነገር ነበር። ሕዝቡ ዱሮትሪጌስ የሚባል ነገድ ነው።

በ43 ዓ.ም. የሮም ጦር ብሪታንያ ገባ። ወደ ደቡብ ምዕራብ የዘመተው ሁለተኛው ሌጌዎን ሲሆን አዛዡ ቬስፓሲያን ነበር። ሮማዊው ታሪክ ጸሐፊ ስዌቶኒየስ እንደሚለው ይህ ሰው በብሪታንያ 30 ጊዜ ተዋግቶ ሁለት ኃያላን ነገዶችንና ከ20 በላይ ምሽጎችን አስገብሯል። ቬስፓሲያን ማን እንደሆነ ላልመጣላችሁ፦ ኋላ ይሁዳ ላይ የዘመተው፣ ንጉሠ ነገሥት የሆነው፣ ልጁ ቲቶ ኢየሩሳሌምን በ70 ዓ.ም. ያፈረሰው ያው እሱ ነው። ቲቶን ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ታውቁታላችሁ። አባቱ መጀመሪያ እጁን ያፍታታው በዚህ አካባቢ ነው።

ሰር ኢያን ሪችመንድ በ1950ዎቹ ሲቆፍር ከሌሎቹ ተለቅ ያለ አንድ የጎጆ ግቢ አገኘ። በዚያ ግቢና ዙሪያው የብረት ፍላጻዎች መሬቱ ውስጥ ተሰክተው ነበር። በእጅ የሚወረወሩ አይደሉም። ባሊስታ ከሚባለው መሣሪያ፣ ማለትም እግር ላይ ከቆመ ግዙፍ ቀስት፣ የተተኮሱ ናቸው። የሪችመንድ ግምት ይህ ነው፦ ሮማውያኑ በሩን ሳይሰብሩ ከሩቅ ሆነው የአለቃውን ቤት ለዩና በእሱ ላይ አከታትለው ተኮሱ። የነዋሪው መሣሪያ ወንጭፍ ነበር። የወንጭፍ ጠጠሮቹም ተከምረው ተገኝተዋል። ጠጠር እዚያ አይደርስም። ነገሩ በዚያው አለቀ።

ይህን ትረካ የማይቀበሉ ምሁራን አሉ። ፍላጻዎቹን ኋላ እዚያ የሰፈሩት ወታደሮች ለልምምድ ተኩሰዋቸው ሊሆን ይችላል ይላሉ። እኔ የሪችመንድን እወዳለሁ፣ ግን ታሪኩ ስለሚጥም መሆኑን አልክድም።

ያላጠራጠረው ቀጣዩ ነው። ሮማውያን ነዋሪውን አስወጥተው በሰሜን ምዕራቡ ጥግ የራሳቸውን ካምፕ ሠሩ። ቁጠባቸውን እዩልኝ። በሁለት በኩል ያለውን የነባሩን ሕዝብ ካብ እንዳለ ተጠቀሙበት፣ በቀሩት ሁለት በኩል ብቻ አዲስ ቆፈሩ። ልዩነቱ ዛሬም በዓይን ይታያል። የአገሬው ካብ ኮረብታው እንደዞረ ይዞራል፣ የሮማውያኑ ደግሞ በማስመሪያ እንደተሰመረ ቀጥ ይላል። እግረኛም ፈረሰኛም ነበራቸው። ብዙ አልቆዩም። በ50ዎቹ ዓ.ም. መግቢያ ገደማ ለቅቀው ሄዱ።

የተገኘው ዕቃ የት ይታያል?

ብዙው ለንደን፣ ብሪቲሽ ሙዚየም ነው ያለው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሆድ ሂል ሲታረስ ከማረሻው ሥር የሚወጣውን ሄንሪ ደርደን የሚባል የብላንድፎርድ ሰው ይሰበስብ ነበር። ስብስቡ ኋላ ሙዚየሙ ገባ። ከሮማውያን የልብስ መርፌ ቁልፎች አንዱ ዓይነት እስከ ዛሬ “የሆድ ሂል” ተብሎ ይጠራል።

እኔስ መፈለጊያ መሣሪያ ይዤ ብሄድ?

አይቻልም። ሁለቱም በሕግ የተጠበቁ ቅርሶች ናቸው። ያለ ፈቃድ መቆፈርም፣ ብረት መፈለጊያ መጠቀምም ወንጀል ነው።

የመንደሯ ስም ምን ማለት ነው? ከልጅ ጋር ይገናኛል?

ኦክፎርድ ማለት የኦክ ዛፍ ያለበት መልካ፣ የወንዝ መሻገሪያ ማለት ነው። ወንዙ ስቱር ይባላል፣ በቅርብ ያልፋል። “ቻይልድ” ደግሞ ዛሬ ልጅ ይሁን እንጂ በድሮው እንግሊዝኛ የመኳንንት ልጅ የማዕረግ ስም ነበር። የእኛንም “ልጅ እያሱ”ን አስቡ። ልክ እንደዚያ ነው። ስለዚህ “የልጅ እገሌ ኦክፎርድ” እንደማለት ነው። ይህ የሚያስፈልገው ደግሞ ኦክፎርድ ብዙ ስለሆነ ነው። ኦክፎርድ ፊትዝፔይን አለ፣ ሺሊንግስቶንም በድሮ ስሙ ሺሊንግ ኦክፎርድ ነበር።

መንደሯ ውስጥስ ምን አለ?

ብዙ የለም፣ ደስ የሚለውም እሱ ነው። ነዋሪዋ ከሺህ ብዙም አይዘልም። የቅዱስ ኒኮላስ ቤተ ክርስቲያን፣ ፐብ፣ ሱቅ፣ የሣር ክዳን ያላቸው ጥቂት ቤቶች። ሰው በመንገድ ሲያገኛችሁ ሰላም ይላል። ከለንደን ለሚሄድ ይሄ መጀመሪያ ያስደነግጣል።

አንድ ጎረቤት ግን ልጥቀስ። ሙዚቀኛው ሰር ጆን ታቨነር እዚህ ይኖር ነበር፣ ያረፈውም እዚሁ በ2013 ነው። በ1977 የኦርቶዶክስ እምነት ተቀብሏል። በልዕልት ዳያና የቀብር ሥነ ሥርዓት መጨረሻ ላይ የተዘመረው መዝሙር የእሱ ድርሰት ነው።

ኮረብታው ላይ ገበሬዎች ከክሮምዌል ጋር ተዋጉ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፣ ለእኔ ከሮማውያኑም በላይ የሚጥመኝ ይሄ ነው። በ1640ዎቹ ንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስና ፓርላማው እየተዋጉ ነበር። ገበሬው በመሃል ተያዘ። አንዱ ጦር መጥቶ በሬውን ይነዳል፣ ሌላው መጥቶ የቀረውን ድርቆሽ ይወስዳል። በመጨረሻ መረረው። “የንጉሡም የፓርላማውም አይደለንም፣ ተዉን” ብሎ ተደራጀ። መሣሪያው ዱላና መንሽ ስለነበር ባለ ዱላዎቹ ተባሉ። መለያቸው ነጭ ጥብጣብ ነበር። ባንዲራቸው ላይ የጻፉት በግርድፉ ወደ አማርኛ ቢመጣ እንዲህ ነው፦

ቤታችን ብትዘርፍ፣ ከብታችን ብትነዳ፣
ጦር ነው የሚጠብቅህ፣ አትበል ዱብ ዕዳ።

ነሐሴ 4 ቀን 1645 ሁለት ሺህ ያህሉ ሃምብልደን ላይ ወጥተው የጥንቱን ካብ ይዘው ቆሙ። ከመሪዎቻቸው አንዱ ብራቬል የሚባል የኮምፕተን አባስ ቄስ ነበር። ከፓርላማው ጦር አዛዦች አንዱ የነበረው ኦሊቨር ክሮምዌል ተበተኑ ብሎ ሰው ቢልክባቸው ተኮሱ። ፊት ለፊት የመጣውን ፈረሰኛም መለሱት። ሁለት ሺህ ዓመት የሞላው ቦይ እንደገና ሥራውን ሠራ! ግን ሌላ ጭፍራ ዞሮ ከኋላ መጣባቸው። ተበተኑ። ብዙዎቹ ዳገቱን በመቀመጫቸው ተንሸራተው አመለጡ ይባላል። ዳገቱን ያየ ሰው ይህን ለማመን አይቸገርም።

የተያዙት 300 ያህል ናቸው። ከኮረብታው ምሥራቅ ያለችው የሽሮተን መንደር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተቆልፎባቸው አደሩ። ክሮምዌል ለአለቃው ለፌርፋክስ በጻፈው ደብዳቤ የሞቱት አሥራ ሁለት እንደማይሞሉ ይናገርና ስለ ምርኮኞቹ “ምስኪን የዋህ ፍጡሮች” ይላቸዋል። ወደ ቤታቸው ልስደዳቸው፣ ዳግመኛ ከምንወጣ ብንሰቀል ይሻለናል ብለው ቃል ገብተዋል ሲል ይለምንላቸዋል። ቤተ ክርስቲያኗ አሁንም አለች። በዚያው ኮረብታ ጀምስ ዎልፍ የተባለው ጄኔራል በ1756 ወታደሮቹን ዳገት እያስወጣ አሠልጥኗል፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ኩቤክን ሲይዝ ሞተ።

መግቢያ ይከፈላል?

አይከፈልም። ሁለቱንም የሚያስተዳድረው ናሽናል ትረስት የተባለው የቅርስ ጠባቂ ድርጅት ነው። ሃምብልደንን የገዛው በ2014 ሲሆን የከፈለው 450,000 ፓውንድ ነው። አንዳንድ የለንደን አፓርታማ በዚያ ዋጋ አይገኝም። ኮረብታው የተፈጥሮ ጥብቅ ስፍራም ነው። በበጋ ሰማያዊ ቢራቢሮ ይርመሰመስበታል፣ በአንድ ጎኑ ደግሞ “ዩ” የሚባሉ ዛፎች ጨለማ ደን አለ።

በምን ይኬዳል?

በባቡር ከሆነ ከለንደን ዋተርሉ ተነስታችሁ ጊሊንግሃም ትወርዳላችሁ። ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡኝ። ጊሊንግሃም የሚባል ሁለት ከተማ አለ። አጻጻፋቸው አንድ ነው። የዶርሴቱ “ጊ” ተብሎ ይነበባል፣ ከለንደን በስተምሥራቅ ኬንት ውስጥ ያለው ደግሞ “ጂ” ተብሎ። አንድ ጓደኛዬ ቲኬቱን በስልኩ ቆርጦ ጂሊንግሃም ሄዶ ደወለልኝ። “ደርሻለሁ፣ የት ናችሁ?” እኛ በተቃራኒው አቅጣጫ ከሁለት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቀን ነበር። ስለዚህ ቲኬቱ ላይ ዶርሴት የሚለውን አይታችሁ ክፈሉ።

ከጊሊንግሃም መንደሯ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል። የገጠር አውቶቡስ ብርቅ ነው፣ ታክሲ ቀድማችሁ ያዙ። ድሮ ባቡሩ ሺሊንግስቶን ድረስ ይመጣ ነበር፣ መስመሩ በ1966 ተዘጋ። ጣቢያውን በጎ ፈቃደኞች አድሰውታል፣ ሐዲዱ የነበረበት ደግሞ አሁን የእግርና የብስክሌት መንገድ ሆኗል።

እናቴን ይዤ ብሄድ ትችለዋለች?

ጉልበታቸውን እርስዎ ያውቃሉ። ዳገቱ አጭር ነው፣ ግን ቀጥ ያለ ነው። ዝናብ ከዘነበ ጠመኔው እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፣ ነጩ ጭቃ ከጫማ አይለቅም። የከተማ ስኒከር አድርገው የመጡ እንግዶቼ ሁሉ ተጸጽተዋል። ሁለቱንም ምሽጎች ዞሮ ለመመለስ ግማሽ ቀን ይያዝ። ላይ መጸዳጃም ሱቅም የለም፣ ውኃና ምግብ ይዛችሁ ውጡ። እኛ ድፎ ዳቦ ይዘን ሄደን ካቡ ላይ ቆርሰናል፣ ንፋሱ ግን ፌስታላችንን ይዞት ሄዶ በግ መሃል ስንሯሯጥ ነበር። ረጅም ሣር ውስጥ መዥገር ስላለ ማታ እግራችሁን እዩ።

አንዱን ብቻ ማየት ብችል የቱ ይሻላል?

ፎቶ ከሆነ የፈለጋችሁት ሃምብልደን። ከጫፉ ሸለቆው በሙሉ ይታያል፣ የካቡም አጣጣፍ ከእሱ የሚያምር አላየሁም። እኔ ግን ሆድ ሂል እላለሁ። ሰው ይቀንሳል፣ ዳገቱም ይቀላል፣ ሁለት ዓይነት እጅ የሠራውን ጎን ለጎን ታያላችሁ። በስተሰሜን፣ ከመንገዱ ዳር ትንሽ የመኪና ማቆሚያ አለች፣ ቅዳሜ ቶሎ ትሞላለች።